የቦራ ገመድ

ልጄ ሶስና ቅዳሜ ጠዋት መጥታ የጋራዡን በር ስትከፍት ከውስጥ የወጣው ሽታ አርባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ወሰደኝ። ያረጀ ወንበር ሽታ ነው፤ ትንሽ ቤንዚን፣ ትንሽ መኪና ማሳመሪያ ሰም፣ ከሥር ከሥሩ ደግሞ፣ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም የማሸተው፣ ሚስ ሎሬታ ከቦርሳቸው የማይጠፋው የሚንት ከረሜላ። ሶስና ስልኳን አውጥታ መኪናውን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶ ታነሳዋለች። ለሽያጭ ኢንተርኔት ላይ ልታወጣው ነው። የዓይን ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ አትይዝም ካለኝ ስምንት ወር ሆነ፤ መኪና ደግሞ እንደ ፈረስ ነው፣ ቆሞ ከዋለ እግሩ ይተሳሰራል።

«አባዬ፣ ጀስት ሁለት ሦስት መስመር ስለ መኪናው ጻፍልኝ፣ እኔ ትራንስሌት አደርገዋለሁ። ሰው ስቶሪ ይወዳል» አለችኝ።

ሁለት ሦስት መስመር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እንደኔ ያለ ሰው ብዕር ለማንሳት ይፈራል እንጂ አንዴ ካነሳ ማስቀመጡን አያውቅበትም። ይኸው ወረቀቱ አልበቃ ብሎኝ ጀርባው ላይ ገባሁ።

መኪናው የስልሳ ሰባት ሞዴል ሙስታንግ ነው፤ ሁለት በር፣ አፍንጫው ረጅም፣ መቀመጫው አጠር ያለ። እኔ ግን ስሙን ከማወቄ በፊት ያየሁት ግንባሩ ላይ የሚጋልበውን የብረት ፈረስ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። በሱዳን በኩል ዞሬ ሲያትል ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ፣ ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ሥራዬ እዚሁ ዴ ሞይን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ዕቃ ማጠብ ነበር። የምኖረው ቼሪ መንገድ አካባቢ፣ ደረጃው ሲረግጡት በሚያቃስት የእንጨት ቤት ውስጥ ከሁለት ያገሬ ሰዎች ጋር ነው። አንደኛው ጋሽ ደበበ ናቸው፤ ሃያ ዓመት በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው እዚህ ትምህርት ቤት የሚጠርጉ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ ያልሰማኋቸው ሰው። ሁለተኛው ለማ ነው፤ ከኔው ሆቴል አንሶላ የሚያጥፍ፣ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ።

ሚስ ሎሬታ ጎረቤታችን ነበሩ። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ጥቁር አሜሪካዊት፤ ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የተማሪ ምሳ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው። እሁድ እሁድ ሰፊ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ነጭ የእጅ ሹራባቸውን አጥልቀው፣ ከዚያ ትልቅ መኪና መሪ ኋላ ይቀመጣሉ። ስምንቱ ሲሊንደር ሲነሳ የኛ ወጥ ቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥን ውስጥ እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። ጋሽ ደበበ በካናቴራ መስኮት ላይ ቆመው «ስማት፣ ስማት፣ ማርሽ ስትቀይር ቅቤ ናት» ይሉ ነበር። ሴትዮዋ ከመንገዱ እስኪታጠፉ ድረስ ቁርስ የሚጎርስ የለም።

ቀለሙ ቡና ዓይነት ቀይ ሆኖ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ነጭ መስመር ወርዶበታል። አባቴ ሸኖ ገበያ ፈረስና በቅሎ ነጋዴ ነበር፤ እኛ ቤት ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ቦራ ይባላል። እኔም ለማንም ሳልናገር ይህን መኪና በልቤ ቦራ አልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስ ሎሬታ ሲያጥቡት «ጉድ ሞርኒንግ» እላቸዋለሁ፤ ያኔ የነበረኝ እንግሊዝኛ እዚያው አካባቢ ያልቃል። እሳቸውም ስፖንጁን እንደያዙ እጃቸውን ያነሱልኛል። ጉርብትናችን ይኸው ነበር፣ ጥሩ ጉርብትና ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የቦራ መስታወት ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለሽያጭ። የማነበው እንግሊዝኛ ትንሽ ቢሆንም ያንን አነበብኩት፤ ቤት ገብቼ ልገዛው ነው አልኩ።

«አንተ ሳህን አጣቢ፣ ስምንት ሲሊንደር ምን ሊያደርግልህ?» አለኝ ለማ።

«ሥራ ልሄድበት።»

«ዴ ሞይንማ በአውቶቡስም አለች።»

ይሳቅብኝ፤ እኔ ግን እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ። ሳህን ስጠርግ ነጩ መስመር ይታየኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የበላሁት የተሰጠኝን፣ የለበስኩት የተሰጠኝን ነው፤ እዚህ አገር ራሴ መርጬ የፈለግሁት የመጀመሪያው ነገር ያ መኪና ነበር።

አሁን ስህተቴን ልናገር። አባቴ ፈረስ ሲገዛ እንዲህ ያደርጋል፤ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ እግሩን ያነሳል፣ ፊቱን አጨማዶ «ይኼማ አርጅቷል፣ ኮቴውም ጤና የለውም» ይላል፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ሻጩ ይጠራዋል። አይሰማም። እንደገና ይጠራዋል። ሦስተኛው ላይ ይዞራል፣ ያኔ ፈረሱ የኛ ሆነ ማለት ነው። በጣም የፈለገውን ፈረስ በጣም ይሰድበዋል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ግዢ ማለት እሱ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

እና በማግሥቱ ፀጉሬን አበጥሬ ሄድኩ። ሚስ ሎሬታ ደስ ብሏቸው ኮፈኑን ከፈቱልኝ፤ ሞተሩ እንደ ሠርግ ቤት ዕቃ ያብረቀርቃል። ልቤ ሊወጣ ደረሰ፣ ፊቴን ግን አጨማደድኩ። «ኦልድ» አልኩ። ጎማውን በጫማዬ ነካ ነካ አደረግሁና «ኖ ጉድ» አልኩ። ወንበሩን ጫን አድርጌ አይቼ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ነዳጅ እንደሚጠጣም በእጄ የመጠጣት ምልክት አሳየሁ። ሚስ ሎሬታ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ኮፈኑን ዘጉት፤ አልወረወሩትም፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ አድርገው ነው የዘጉት። እኔ ይኼኔ ነገሩ እየሠራ ነው ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ መሄድ ጀመርኩ።

አልጠሩኝም።

ርምጃዬን አሳጠርኩ። ጀርባዬ በሙሉ ጆሮ ሆኗል። የጫማዬን ክር የፈታሁ መስዬ ጎንበስ አልኩ፣ እንደገና አሰርኩት፣ ሌላኛውንም ፈትቼ አሰርኩ። ዝም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ፌርማታው ደረስኩ፤ አውቶቡሱም እንደ ጠላት ከተፍ አለ። ዞሬ እንዳልመለስ አባቴ ከመቃብሩ የሚያየኝ መሰለኝ፣ ተሳፈርኩ። የምሄድበት አልነበረኝም። መሃል ከተማ ወርጄ ሌላ ያዝኩ፣ እሱ ኖርዝጌት ጣለኝ። እዚያ ገበያ ማዕከል ውስጥ የማልገዛውን ጫማ ሳይ ውዬ ተመለስኩ። ካርቶኑ እንዳለ ነው፤ የሚስ ሎሬታ መጋረጃ ግን ተዘግቷል።

ከዚያ በኋላ «ጉድ ሞርኒንግ» ስላቸው ስፖንጁ አይነሳም። ገዢዎች ይመጣሉ። አንዱ የቆዳ ጃኬት ለባሽ ሞተሩን አስነስቶ ሰፈሩን አናወጠው፤ እሱ ቁልፉን እስኪመልስ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ቀዘቀዝኩ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጥግ ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምታጠፈው፤ ስገልጠው ቦራ ካለ እግዜርን አመሰግናለሁ። ግን መኪናው ብቻ አልነበረም የከበደኝ። የዚያች ስፖንጅ መቅረትም ነው።

በመጨረሻ ለጋሽ ደበበ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «እኚህ ሴትዮ ነጋዴ ናቸው?» አሉኝ።

«አይደሉም።»

«አባትህ የሚሰድበው የነጋዴ ፈረስ ነው። ነጋዴ ከፈረሱ ጋር አብሮ አልኖረም፣ ቢሰድቡበት አይቆጨውም። አንተ የሰደብከው የሰው ቤተሰብ ነው።»

እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አራተኛ ክፍል ድረስ ሳይሆን አሥራ ሁለተኛ ድረስ ብማርም የማስበው አይመስለኝም።

ሽማግሌ መላክ አለበት ተባለ። እንደ አገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አይጠይቅ የሚለውም ተነሣ፤ ለማ «ድንጋይ ተሸክመህ ደጃቸው ብትቆም ፖሊስ ነው የሚጠሩብን» ብሎ ድንጋዩ ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም እዚህ አገር ስንገባ የተሰጠንን ሱፍ ለበስን፤ የለማ እጅጌ ጣቶቹን ውጦታል፣ የኔ ሱሪ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀርቷል። ዝናቡ፣ እንዲያው የሲያትል ዝናብ ነው፣ አለ ሲሉት የሌለ፣ የለም ሲሉት የሚያርስ። ደጃቸው ቆመን፣ እጃችንን ፊት ለፊት አጣምረን፣ አንገታችንን ሰበር አድርገን አንኳኳን።

መጋረጃው ትንሽ ተገለጠ። በሩ ግን አልተከፈተም። «ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ ልጆቼ፤ መጽሐፉም አለኝ። አመሰግናለሁ» አሉን ከውስጥ።

በዚህ አገር ቅዳሜ ጠዋት ሱፍ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ በር የሚያንኳኳ ሰው ሰባኪ መሆኑን ማን ነግሮን?

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ደበበ።

«ቤተ ክርስቲያን አለኝ አሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በልልኝ። እኛ የመጣነው ስለ ፈረሱ ነው በላቸው።»

እንዳለ ተረጎምኩት። መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ሚስ ሎሬታ ስለምን ፈረስ እንደምናወራ ለማወቅ ሲሉ ነው እንጂ ለኛ ብለው በሩን የከፈቱት አይመስለኝም። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ ደበበ ግን ቆባቸውን አወለቁ፤ ራሳቸው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ልክ ላገራቸው እመቤት እንደሚናገሩ አድርገው፣ በአማርኛ ጀመሩ፤ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።

«እመቤቴ፣ ይህ ልጅ ገበያ ውስጥ ነው ያደገው። የገበያውን ቋንቋ እርስዎ ቤት ይዞት ገባ። እሱ ባደገበት ገበያ ሰው የሚያንቋሽሸው አጥብቆ የፈለገውን ነው። መኪናውን የሰደበው ስለወደደው ነው። አጥፍቷል። እኛ እንወቅሰዋለን፣ እርስዎ ይቅር ይበሉት።»

የራሴን ጥፋት ራሴ መተርጎሙ እንዴት እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል። ሚስ ሎሬታ አዩኝ።

«እውነት ነው? አይረባም ያልከው ስለፈለግኸው ነው?»

«የስ ማም።»

«ጀርባህን ሰጥተህ ስትሄድስ?»

«እስኪጠሩኝ ነበር።»

«እኔኮ መስኮት ላይ ነበርኩ» አሉ፣ አፋቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ፣ «በሕይወቴ እንዳንተ ቀስ ብሎ አውቶቡስ ፌርማታ የሄደ ሰው አላየሁም። ስንት ጊዜ ነው ጫማህን ያሰርከው?» ብለው መቃኑን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ከሆድ የሚወጣ፣ ሰው የሚያሞቅ ሳቅ ነበር። ለማ ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮ ሳቀ፤ እሱ መቼም ምክንያት አይጠይቅም።

ገብተን ሱፋችን ወንበራቸው ላይ እየተንጠባጠበ ተቀመጥን። ያኔ ነው ለምን እንደሚሸጡት የነገሩን። ዓይናቸው ነው። የመንገድ መብራቱ ቀዩም አረንጓዴውም ጭጋግ ሆኖባቸው፣ ሐኪሙ በቃ ብሏቸው። ይህን ሲሉ አላለቀሱም፣ ነጩን የእጅ ሹራብ ጭናቸው ላይ ያለሰልሱ ነበር። ጥሩ ዋጋ የሰጠኝ ሰው አለ፣ አሉኝ፣ ግን እሁድ ጠዋት ምን ትሠራለህ ብዬ ስጠይቀው እተኛለሁ አለኝ። አንተስ?

«እሁድ ሥራ የለኝም» አልኩ።

«እንግዲያው እሁድ ሥራ አገኘህ፣ ታዲ» አሉኝ። ታደሰ ማለት አልሆንላቸው ስላለ እስከ መጨረሻው ታዲ ነበርኩ።

መንዳቱን ጋሽ ደበበ አስተማሩኝ። «ፍሬን እንደ ሰው ትከሻ ነው፣ ነካ ነው እንጂ አይመታም» ይሉ ነበር። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁ ለት ሚስ ሎሬታ ቁልፉን አመጡ። ቁልፉ ለብዙ ዘመን በእጅ ከመያዝ ብዛት የጠቆረች አንዲት የቆዳ ጥብጣብ ታስራበታለች። እኔ ጥብጣቧን ፈትቼ መለስኩላቸው። በኛ አገር ሻጭ ፈረሱን ሰጥቶ ገመዱን ለራሱ ያስቀራል፤ ገመዱ ከሄደ በረከቱ አብሮ ይሄዳል ይባላል አልኳቸው። ጥብጣቧን በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ቆዩና ጉያቸው ከተቷት።

ስድስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰድኳቸው። መጀመሪያ መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቅ ነበር፤ ዝማሬው ግድግዳውን አልፎ የቦራን መስታወት ሲያንቀጠቅጥ እሰማለሁ። ኋላ ግን ምድር ቤቱ ለምሳ አስገቡኝ። በጾም ሥጋ እንደማልበላ ካወቁ ወዲህ ወጥ ቤት ገብተው «ታዲ፣ ዛሬ ነው ወይስ አይደለም?» ይሉኛል፤ ነው ካልኩ ጎመን ያለ ሥጋ ለብቻዬ በትንሽ ድስት ይቀርባል። እኔም የራሴን ቅዳሴ አድርሼ፣ ቀጥሎ የሳቸውን፤ በሁለት ቤተ ክርስቲያን የተባረከ ዕቃ አጣቢ ሆንኩ።

አንድ የበጋ ቀን ወዳጃቸውን ለመጠየቅ ኤቨረት ሄድን። ፍሪዌዩ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ባዶ ነው፣ ሰማዩ በዚህ ከተማ በዓመት ጥቂት ቀን የሚገለጠው ዓይነት። እኔ በጥንቃቄ፣ በስተቀኝ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ሚስ ሎሬታ ብዙ ታገሡኝ። በመጨረሻ «ታዲ፣ ሬሳ አልጫንክም። ነዳጁን ስጠው» አሉኝ። ሰጠሁት። ቦራ አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፣ ሚስ ሎሬታ ባርኔጣቸውን በነጭ ሹራባቸው ጫን አድርገው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈሩ ብዬ ላበርድ ስል «አታቁም። ዓይኔን ስጨፍን ልክ እንደ ድሮው ነው፣ እኔ ነኝ የምነዳው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ሙሽራዬን በዚያ መኪና አምጥቻለሁ፣ ሶስናን ከሐኪም ቤት በዚያ መኪና አምጥቻለሁ። ግን ደስታ ሲባል ቶሎ የሚመጣልኝ ያ ባርኔጣ ነው።

ኋላ ዓይናቸው ጨርሶ ሲደክም እህታቸው ቴክሳስ ወሰዷቸው። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፣ በቦራ። ሲወርዱ ግንባሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ነጩን መስመር ፈለጉት። ከዚያ ከቦርሳቸው ያችን ጥብጣብ አወጡና መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን ዘጉልኝ። «ገመዱም ወዳንተ ይምጣ» አሉኝ። ሁለት ገና የእንኳን አደረሰህ ካርድ መጣልኝ። በሦስተኛው አልመጣም።

ይኸው ነው፣ ሶስና ሁለት ሦስት መስመር ያለችው። እንዴት እንደምትተረጉመው አላውቅም።

ወረቀቱን እንደገና አነሳሁት፤ ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ደወለ። ሁሉም ያወድሱታል። ውብ ነው፣ ብርቅ ነው፣ ይላሉ፤ አይተውት ሳይሆን ፎቶውን አይተው። አንዱ መጥቶ ሳያየው ልግዛው አለ። አልፈልግም አልኩ፤ ሶስና ተናደደችብኝ። እውነቴን ነው፣ ጥርሱን ያላየ ሰው ፈረስ ይሰጠዋል?

ትናንት አንድ ወጣት በአውቶቡስ መጣ። ቢኒያም ይባላል፣ ካገር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ኤቨረት ነው የሚሠራው። ኮፈኑን ከፈትኩለት። እጁ ሳይነካው ሞተሩ ላይ አንዣበበ፣ ጆሮው ቀላ። ቀጥሎ ቀና ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና ይኼ አርጅቷል። ቀለሙም ደክሟል። ነዳጁንማ እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው፣ ምን ይሠራልኛል?» አለና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

«ሶ ሩድ! አባዬ፣ ተወው» አለች ሶስና።

«ዝም በይ ልጄ፣ ጀርባውን እዪው» አልኳት።

ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። አንድ ቤት አለፈ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ከዚህ ርቀት የሰው መልክ ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ያ የጎበጠ ጀርባ ግን በጭጋጉም ውስጥ ታየኝ፣ ጆሮ የሆነ ጀርባ። ዛሬ ቼሪ መንገድ ብሄድ የሚስ ሎሬታ በረንዳ የለም፤ በቦታው ግራጫ ፎቅ ቆሟል፣ የኛም ቤት የሚያቃስተው ደረጃ አብሮ ሄዷል። ጋሽ ደበበ አፈር ከለበሱ ሃያ ዓመታቸው። ለማም ባለፈው ዓመት፣ ቀልድ ጀምሮ ሳይጨርስ። ያን ቀን እንዴት ቀስ ብዬ እንደሄድኩ የሚያውቅ ሰው ከኔ በቀር ምድር ላይ አልቀረም ብዬ ነበር።

ሁለተኛውን ጫማ ፈትቶ ማሰር ሲጀምር ጠራሁት።

ሲመለስ ሊሮጥ ደርሶ ነበር። ሂሳቡን ከሶስና ጋር ይነጋገሩ፤ እኔ የጠየቅሁት እሁድ ሥራ እንዳለውና እንደሌለው ብቻ ነው። የለኝም አለ። ቁልፉን ስሰጠው ጥብጣቧን ፈትቼ አስቀረሁ፤ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። ያገሩን ነገር ያውቃል።

አሁን ጋራዡ ወለል ላይ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል፤ ሽታው ግን ገና አልወጣም፣ በሩን እንዳትከፍቱት ብያለሁ። ጥብጣቧ ኪሴ ናት። የልጁን ስልክ ቁጥር ሶስና በትልቁ ጽፋ ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፋልኛለች፤ ገመዱን የሚወስድበት ቀን ሲደርስ እንድትጠራው አደራ ብያታለሁ። እስከዚያ እሁድ ጠዋት መጥቶ ይወስደኛል። ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ።